አራተኛ የወጣችው በረኛ

ከሁለተኛ ዓመት ዕጩ መምህርት



ባለፈው እትም በስፖርት ዓምድ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አብዛኞቻችሁ አንብባችሁታል። ያላነበባችሁ ካላችሁ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አሁንም ተለጥፎ ይገኛል፤ ዝናብ ጠርዙን ትንሽ ነካው እንጂ ይነበባል። ጽሑፉን ያቀረቡት ወንድማችን ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ የሜዳው ሰዓትና የስፖርቱ ገንዘብ ውጤት ላመጣ ቡድን ይሰጥ፣ የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን በውድድሩ አራተኛ ስለወጣ የልምምድ ሰዓቱ ለወንዶች እግር ኳስ ይተላለፍ ነው የሚሉት። አራተኛ የወጣ ሰው ከተመልካች የሚለየው በላቡ ብቻ ነው የምትል ቀልድም ጣል አድርገውበታል። ቀልዷ አስቃናለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ልገላገል፤ እኔ የዚያ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነኝ። ስለዚህ የምትሟገተው ለራሷ ነው የሚል ቢኖር አልክድም። ይሁን እንጂ ሙግቴን በራሴ ታሪክ ላይ አልመሠርትም፤ የኔ ታሪክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ ስለሆነ ለጽሑፍ አይበቃም። የማወራችሁ ስለ አንዲት ቻይናዊት በረኛ ነው። ስሟ ጉዎ ሆንግ ይባላል። ቻይናውያን የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ ጉዎ የቤተሰቧ፣ ሆንግ የራሷ ስም ነው። ጨዋታዋ የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። የሷም ቡድን እንደኛው አራተኛ ወጥቷል፤ ያውም ሦስት ጊዜ! የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የበረዶ ላይ ሆኪ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ለሚለኝ፣ መልሴ ገናን አስቡ የሚል ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ጫፉ ቆልመም ባለ በትር ሩር እየመታን በየሜዳው ስንራወጥ አድገን የለም እንዴ? ያንኑ ጨዋታ ከሣሩ ላይ አንሡትና እንደ መስተዋት በሚያንሸራትት የረጋ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ለተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ አጥልቁላቸው። ሩሯን ተዉና በምትኳ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ክብና ጠፍጣፋ ነገር አምጡ፤ የጎን ስፋቷ 7.62 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.54 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 170 ግራም ያህል ነው። ፓክ ይሏታል። ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንድትቆይ ትደረጋለች፤ ካልቀዘቀዘች እየነጠረች ታስቸግራለችና።

ሜዳው 60 ሜትር በ30 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከየቡድኑ በረኛዋን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፍበታል። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ እየሆነ በሦስት ይከፈላል። ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለሆነ አንዷ ተጫዋች ገብታ አንድ ደቂቃ ሳይሞላት ትወጣለች፤ ሌላዋም ጨዋታው ሳይቆም ዘላ ትገባለች። በሴቶች ጨዋታ ባላጋራን በአካል ገጭቶ መጣል ክልክል ቢሆንም መነካካቱ ግን አይቀርም። በረኛዋ ብቻ እንደ ሌሎቹ ለመተንፈስ አትወጣም። ፊቷን በብረት ወንፊት ሸፍና፣ እግሯን በወፍራም መከላከያ ጠቅልላ፣ ስፋቱ 1.83፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር የሆነ በር ላይ 60 ደቂቃ ሙሉ ትቆማለች። የኛ የእጅ ኳስ በር 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ታዲያ የነሱ ትንሽ ነዋ፣ ቀላል ነዋ፣ እንዳትሉ! የምትመጣባት ነገር ከጡጫ የማትበልጥ ጎማ ናት፤ ደኅና ከተመታች ደግሞ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። እኔ በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ነገር ሳይ ደግነቱ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።

ወደ ጉዎ ሆንግ ልመለስ። የተወለደችው በ1973 ነው። በቻይና የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቤቱ ሰሜን ምሥራቁ ነው፤ በተለይም የሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሐርቢንና ቺቺሃር። በሐርቢን በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፤ የሶንግኋ ወንዝ ረግቶ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል። በቻይና ስፋት ሁሉ ልጆች በብዛት ሆኪ ይጫወታሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህን ጨዋታ የያዙት ሴቶች በሁለትና በሦስት ከተማ የተሰበሰቡ ጥቂት ልጆች ነበሩ። በተቃራኒው በካናዳ ሴት ተጫዋቾች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የሂሳብ ዕጩ መምህራን እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ብታስቡበት ደስ ይለኛል፤ የሕዝብ ብዛትና የተጫዋች ብዛት አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1990 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ነው። በ1992 በፊንላንድ፣ በታምፔሬ ከተማ በተደረገው ሻምፒዮና ቻይና ገባችና አምስተኛ ወጣች። በ1994 በአሜሪካ፣ በሌክ ፕላሲድ አራተኛ። በ1997 በካናዳ፣ በኪችነር አሁንም አራተኛ። የጉዎ ሆንግ ስም በዓለም የሆኪ ሰዎች ዘንድ እየተነሣ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው። ቅጽል ስምም አወጡላት፤ “ታላቁ የቻይና ግንብ” አሏት።

ስለዚህ ቅጽል ስም በኋላ የምለው አለኝ። አሁን ናጋኖ እንግባ።

የካቲት 1998። የክረምት ኦሊምፒክ በጃፓን፣ በናጋኖ። የሴቶች የበረዶ ሆኪ በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ያን ጊዜ ነው። የወንዶቹ ግን ከ1920 ጀምሮ ነበር፤ 78 ዓመት ልዩነት ማለት ነው! የቀረቡት ስድስት አገሮች ናቸው፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ቻይናና አስተናጋጇ ጃፓን። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጋጠምና የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለወርቅ፣ ሦስተኛና አራተኛው ለነሐስ ይጫወታሉ።

ዕጣው ለቻይና ምሕረት አልነበረውም። የመጀመሪያው ቀን አሜሪካ፣ በማግስቱ ካናዳ። በዚያን ዘመን ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሰ አንድም አገር አልነበረም። የካቲት 8 አሜሪካ ቻይናን 5 ለ 0 አሸነፈች። በዚያው ቀን ካናዳ ጃፓንን 13 ለ 0 አሳፍራ ላከች። እንግዲህ እነዚህ ካናዳውያን ናቸው በማግስቱ ከቻይና ፊት የቆሙት። አምስት ጎል የገባበት ቡድን፣ እግሩ የዛለ ቡድን፣ አሥራ ሦስት ጎል አግብቶ ከመጣ ቡድን ጋር ተጋጠመ። ውጤቱ ስንት ሆነ ትላላችሁ?

2 ለ 0።

ካናዳ ትበልጥ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በዚያ ዙር ካናዳ በስዊድን ላይ 5፣ በፊንላንድ ላይ 4፣ ወርቁን በወሰደችው በአሜሪካ ላይ እንኳ 4 ጎል አግብታለች። ከአምስቱ ግጥሚያዎች ካናዳ ያገባችው ጎል ያነሰበት ይህ የቻይናው ነው። ይህን የሚነግረን የሜዳሊያው ሰንጠረዥ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቻይና ተሸነፈች የሚል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር እለያያለሁ። ውጤት ውጤት ስንል የቱን ውጤት ማለታችን ነው? አንድን ቁጥር አጠገቡ ካለው ቁጥር ጋር ሳያስተያዩ ማንበብ ንባብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የካቲት 11 ቻይና ጃፓንን 6 ለ 1፣ በማግስቱ የካቲት 12 ስዊድንን 3 ለ 1 አሸነፈች። ስዊድን እኮ የሆኪ አገር ናት፤ የወንዶች ቡድኗ ከዚያ በፊት በነበረው በ1994ቱ ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። የካቲት 14 ግን ፊንላንድ ቻይናን 6 ለ 1 ረታች። በሦስት ቀን ልዩነት፣ የካቲት 17፣ ሁለቱ ለነሐስ ሜዳሊያ እንደገና ተገናኙ። ፊንላንድ 4 ለ 1 አሸነፈች። ቻይና አራተኛ።

አሁን ሐቁን በሁለት በኩል እንመልከተው፤ አንድ ወገን ብቻ ብናገር ራሴን ማታለል ይሆናልና። በናጋኖ የነበሩት ስድስት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ከስድስት አራተኛ መውጣት ከሃያ አራተኛ መውጣት አይደለም። ከዚህም በላይ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ አገሮች የሴቶችን ሆኪ ገና በቁም ነገር አልያዙትም ነበር። ስዊዘርላንድ ብትሉ፣ ሩሲያ ብትሉ፣ ቼክ ብትሉ፣ የዛሬ ኃይላቸው ያኔ አልነበረም። ስለዚህ የቻይና አራተኛነት ገሚሱ የራሷ ልፋት፣ ገሚሱ ደግሞ የሌሎች እንቅልፍ ነው ለማለት ይቻላል። እኔ ይህን ስጽፍ ጓደኛዬ ከጀርባዬ ቆማ፣ ለተቃዋሚሽ ክርክር እያቀበልሽ ነው አለችኝ። አዎን፣ አቀብያለሁ። ክርክሩ ግን የሚያግዘው እኔን ነው። የሌሎች እንቅልፍ ለዘለዓለም ስለማይቆይ፣ በዚያ ጊዜ የተገኘው አራተኛነት የሚጠቅመው ከሥር ላሉት ልጆች ሜዳና ሰዓት ከተሰጠበት ብቻ ነው።

ተሰጠ ወይ? የሆነውን ልዘርዝር።

በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ጉዎ ሆንግ እንደገና መጣች። ዕድሜዋ 29 ሊሆን ነው። የቡድኖቹ ቁጥር ወደ ስምንት አድጓል። ቻይና ሰባተኛ ወጣች። በ2006 በጣሊያን፣ በቶሪኖ ቻይና ጭራሽ አልነበረችም። በ2010 በቫንኩቨር ተመልሳ አሁንም ሰባተኛ ሆነች። በ2014 በሶቺ የለችም። በ2018 በፒዮንግቻንግ የለችም። ከአራተኛነት ተነሥቶ ሃያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከበሩ ውጪ መቆም ማለት ይህ ነው።

ምን ነካቸው? በዚሁ ዘመን ቻይና በበረዶ ስፖርት ወደኋላ ቀርታ አልነበረም። ይልቁንም በ2002 ያንግ ያንግ በአጭር ርቀት የበረዶ ሩጫ አገሯ በክረምት ኦሊምፒክ አይታ የማታውቀውን የመጀመሪያ ወርቅ አመጣች። በ2010 ደግሞ ሼን ሹዌና ዣኦ ሆንግቦ በጥንድ የበረዶ ላይ ጭፈራ ወርቅ ወሰዱ። እንደኔ አስተያየት መልሱ ያለው በሂሳቡ ውስጥ ነው። አንዲት ሯጭ አሠልጥነህ ሁለት ሦስት ሜዳሊያ ልታገኝ ትችላለህ። ሃያ ሆኪ ተጫዋች አሠልጥነህ፣ አልብሰህ፣ የበረዶ አዳራሽ ከፍተህ፣ በሰንጠረዡ ላይ የሚቆጠርልህ ቢበዛ አንድ ሜዳሊያ ነው። ሜዳሊያን በፍሬ የሚቆጥር ሰው ገንዘቡን ወዴት እንደሚያዞር መገመት አያቅትም። ወንድማችን ለኛ ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ራሱ ነው፤ በትንሹ።

አሁን ጃፓንን አስታውሱልኝ። በናጋኖ በራሷ ሜዳ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት አምስቱንም ጨዋታ የተሸነፈችውን ጃፓን። በአምስት ጨዋታ 45 ጎል ገብቶባት 2 ብቻ አግብታለች፤ ስድስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ። ከዚያም በ2002፣ በ2006፣ በ2010 ሦስት ኦሊምፒክ አልፏታል። እንደ ወንድማችን ሕግ ቢሆን ይህ ቡድን በ1998 የካቲት ማብቂያ ላይ መበተን ነበረበት። አልተበተነም። በ2014 ማጣሪያውን አልፎ ተመለሰ፤ በሶቺ ቢሸነፍም በ2018 ስድስተኛ፣ በ2022ም ስድስተኛ ወጣ። ያን ጊዜ ስድስተኛነት የስድስት ነበር፤ በ2018 ግን የስምንት፣ በ2022 የአሥር አገር ነው። በናጋኖ 6 ለ 1 ያሸነፈቻት ቻይና ደግሞ በ2022 ዘጠነኛ ናት።

ስለዚህ ስለ 2022 ጥቂት ልበል። ያ ኦሊምፒክ በቤይጂንግ ስለተደረገ ቻይና በአስተናጋጅነቷ በቀጥታ ገባች። አዘጋጅነቱ የተሰጣት በ2015 ነው። እንደተሰጣት ሆኪ አለን ወይ የሚል ጥያቄ መጣ መሰለኝ፣ ጥድፊያ ተጀመረ። በ2017 ሁለት የሴቶች ቡድኖች ተቋቁመው በካናዳ የሴቶች ሊግ ውስጥ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ መቀመጫቸውም በረዶ የማታውቀው የደቡብ ከተማ ሼንዘን ነበረች። ለ2022ቱ ቡድን በካናዳና በአሜሪካ ያደጉ ተጫዋቾች ተሰበሰቡ። በዚህ አልፈርድም፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ቻይናውያን ናቸው። የቡድኑ አምበል ግን የሐርቢኗ ዩ ባይዌይ ነበረች። በ2010 በቫንኩቨር ለአገሯ ተጫውታለች፤ ከዚያ ኦሊምፒክ የተመለሰችው በ12 ዓመቷ ነው። እስቲ አስቡት! አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ ድረስ መጠበቅ ማለት ነው።

በቤይጂንግ ቻይና ዴንማርክን 3 ለ 1፣ ጃፓንን በመለያ ምት 2 ለ 1 አሸነፈች። በቼክ 3 ለ 1፣ በስዊድን 2 ለ 1 ተሸነፈች። ይህ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም፤ እንዲያውም እኔ አጨብጭቤያለሁ። ግን ከምድቡ ማለፍ አልቻለችም። በ2024 ለ15 ዓመት ርቃው ወደነበረው ከፍተኛ የዓለም ሻምፒዮና ምድብ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመትም ወረደች። ለ2026ቱ የሚላኖ ኦሊምፒክም ማጣሪያውን አላለፈችም። በገንዘብና በጥድፊያ ቡድን ይሠራል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ግን በገንዘብ አይገዛም።

አሁን ወደ ቅጽል ስሙ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁና። ታላቁ የቻይና ግንብ። ሲሰሙት ደስ የሚል ስም ነው፤ ለበረኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሊባል ይችላል? ዳሩ ግን ባሰብኩት ቁጥር ቅር ይለኛል። አንዲትን ሰው ግንብ ብለን ስንጠራት ሌሎቻችን ከግንቡ ጀርባ ተኝተን ማደር እንችላለን ማለታችን አይደለም? ግንብ አይደክመውም፤ ግንብ አያረጅም፤ ግንብ ተተኪ አያስፈልገውም። ጉዎ ሆንግ ግን ትደክማለች። በናጋኖ በአሥር ቀን ውስጥ ቡድኗ ስድስት ግጥሚያ አድርጓል።

ታሪክ የሚወዱ ደግሞ እውነተኛው ግንብ እንዴት እንደታለፈ ያውቃሉ። በ1644 ማንቹዎች ወደ ቻይና የገቡት ግንቡን ንደው አይደለም። በሻንሃይጓን በኩል ጄኔራል ዉ ሳንጉዪ በሩን ከፍቶላቸው ነው። ድንጋዩ እንደቆመ ነበር። የታሪክ መምህራችን ይህን ሲነግሩን ልቤ ወዲያው ወደ እጅ ኳስ ሜዳ ሄዷል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ ከሩቅ ወደ ቅርብ ልምጣ። የኛ ቡድን አንደኛ በረኛ ማን እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስሟን አልጽፍም፣ ታፍራለች። በውድድሩ አራተኛ የወጣነው በሷ ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ መጨረሻ ነበርን፤ ይህን እኔ ነኝ የምላችሁ፣ ሁለተኛዋ። በግማሽ ፍጻሜው አንድ ጣቷ ወልቆ በመሐረብ አስራ ነው የተጫወተችው። እኛም ከወንበሩ ላይ ሆነን ስሟን እየጠራን ጨፍረናል፤ ግንባችን ነሽ ብለናታል፤ በቃ። በዚህ ዓመት መጨረሻ ተመርቃ ትሄዳለች። የምትመደብበት ትምህርት ቤት የት እንደሚሆን አናውቅም፤ ግንቡን ግን ይዛው ትሄዳለች።

እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ በር ላይ የቆምኩበት የልምምድ ጊዜ ቢደመር ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ይህ የሷ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ግቢ እያለች ገፍታኛለች። የልምምዱ ሰዓት በሳምንት ሁለት ስለሆነ፣ ከሁለቱም አንዱ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ስለሚታጠፍ፣ የቀረችውን ጊዜ ለሚበልጠው ሰው መስጠት ግድ እየሆነ ነው። ከአንደኛ ዓመት የመጡት ልጆች ደግሞ ኳሷን የሚነኳት ከሜዳ ውጪ ስትወጣ ለማቀበል ብቻ ነው። ከነሱ መካከል ረጅም እጅ ያላት፣ ከትንሽ ከተማ የመጣች፣ ዝም የምትል አንዲት ልጅ አለች። ኳስ ስታቀብል ዓይኔ እጇ ላይ ይቀራል። በጊዜው ብትሠለጥን እኔን በአንድ ወር ውስጥ ከወንበሬ ታስነሣኛለች። ወደየት እንደምታስነሣኝ እንኳ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከሁለተኛ በረኛ በታች ሌላ ወንበር የለንም።

አሁን የቀረችው የሳምንት ሁለት ሰዓት ትወሰድ ነው የሚባለው። ለወንዶቹ እግር ኳስ ቡድን ክፋት የለኝም፤ ሁለተኛ መውጣታቸው አስደስቶኛል፤ ፍጻሜው ዕለት ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ሜዳው ጠባብ መሆኑን፣ እነሱም ቦታ ማጣታቸውን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እነሱ በሳምንት አምስት ቀን አላቸው። ስድስተኛና ሰባተኛ ሰዓት ቢጨመርላቸው ከሁለተኛ አንደኛ ይወጣሉ የሚል ማስረጃ በጽሑፉ ውስጥ አላየሁም። የኛ ሁለት ሰዓት ሲወሰድ ግን ምን እንደሚቀር ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሁለት ሲቀነስ ሁለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ይኼን የምለው ለዕጩ መምህራን ስለሆነ ነው። ባለፈው ወር ለማስተማር ልምምድ በሄድኩበት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ገባሁ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ልጆች የጠየቅሁትን ሁሉ እጃቸውን አውጥተው ይመልሱልኛል። ክፍሉ ሞቅ ያለ መሰለኝ። የተቆጣጠሩኝ መምህርም ጥሩ ነው ብለው ጻፉልኝ። በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ ታሞ ቀረ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ አኮረፈች መሰለኝ ዝም አለች። ጥያቄ ጠየቅሁ። አርባ ስድስት ልጅ አየኝ። ዝምታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ለሁለት ሰው ነበር ያስተማርኩት፤ ማርኬን ግን ለአርባ ስምንት ሰው አገኘሁት።

ለስፖርት ኮሚቴያችን የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። ሁለቱ ሰዓቶች እንዳሉ ይቆዩ። ከሁለቱ በአንደኛው አንደኛዋ በረኛ በር ላይ አትቁም፤ ይልቅስ ከጎን ቆማ እኔንና ከአንደኛ ዓመት የመጡትን ታሠልጥን፤ እሷንም ጠይቄያት ፈቃደኛ ናት። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ላይ ምናልባት ስድስተኛ እንወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ወንድማችን ሌላ ቀልድ ይጻፉልን፤ አንብበን እንስቃለን።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደተለመደው ሜዳው ላይ አለን። ከበሩ በስተጀርባ ያለው መረብ ስለተቀደደ ኳሷ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል እየወረደች ታስቸግራለች፤ ሮጦ የሚመልስልን ሰው ቢመጣ፣ ወንድማችንም ቢሆኑ፣ ደስ ይለናል።